ቫዮሊን ለመቺው

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዎች ስለማይረሱት ሰው ሲጽፉ የሚያነሡት በጦር ሜዳ የወደቀን፣ ትምህርት ቤት ያሠራን ወይም ሰው ከጎርፍ ያወጣን ነው። የእኔ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አላደረጉም። በዕድሜያቸው ማምሻ ቫዮሊን ጀመሩ፤ ሕዝብ ፊት የተጫወቱትም አንድ ቀን፣ አንድ ዜማ፣ እሱንም እየዞሩ ነው። አስተማሪያቸው እኔ ነበርኩ። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አንባቢ እየቆየ ይረዳልኛል።

ሞታቸውን የሰማሁት ከፊዚክስ ፈተና ስወጣ ነው። የግቢያችን ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተማሪህ አረፉ» አለኝ። እኔ ራሴ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ምን ተማሪ አለኝ ብዬ ላልፍ ነበር። ከዚያ ገባኝ። በአርባ ምንጭ ከተማ አንድ ተማሪ ነበሩኝ፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፤ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጠባብ ሳጥን ነው። ከአዲስ አበባ መጥቼ ስመዘገብ የሞላሁት ቅጽ መጨረሻ ላይ «ልዩ ችሎታ» የምትል ሳጥን ነበረች። ባዶ መተው ንቀት መሰለኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የወጣቶች ክበብ ለሁለት ወር ቫዮሊን ተምሬ ነበር። በሁለት ወር ያወቅሁት አቋቋምና የደጋን አያያዝ ብቻ ነው፤ አስተማሪያችንም «አቋቋምህ ጥሩ ነው» ከማለት ያለፈ ምስጋና ሰጥቶኝ አያውቅም። ስለዚህ «ቫዮሊን፣ ጀማሪ» ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። «ቫዮሊን» ብዬ ስጽፍ ሳጥኗ ሞላች። «ጀማሪ» ውጭ ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ ከአንድ ቀበሌ ለምንማርበት ተቋም ደብዳቤ መጣ። የሸማኔዎች ማኅበር አባል የሆኑ አንድ ሰው ቫዮሊን እንዲያስተምራቸው ችሎታ ያለው ተማሪ ይላክልን ይላል። ቢሮ ተጠርቼ ፈቃደኛ ነህ ወይ ተባልኩ። ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» አልኩ። ጠባዬ ነው፤ ምን እንደተጠየቅሁ የማስበው መልሱን ከሰጠሁ በኋላ ነው።

ጉዳዩን ያስረዱኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። ጋሽ አንጁሎ የዶርዜ ሰው፣ ሸማ ሠሪ ናቸው። ቀደም ሲል ደጋው ላይ በነበረ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት በዘበኝነት ሠርተዋል። የክሊኒኩ ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ፈረንጅ፣ የቀኑን ሥራ ጨርሳ በሩን ስትዘጋ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁልጊዜ አንድ ዜማ በቫዮሊን ትጫወት ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ ቫዮሊኑን ለጋሽ አንጁሎ አስረክባ፣ እስክመጣ አደራ አለቻቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሷ አልመጣችም፤ ቫዮሊኑ በቡሉኮ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው በላይ እንደተሰቀለ አለ። አሁን የቀበሌው ኪነት ቡድን መሣሪያ ስላነሰው ሊወስደው ፈለገ።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ያለ መሣሪያ ግን ከንክኗቸዋል።

«መሬት ለአራሹ ካልን፣» አሉኝ እየሳቁ፣ «ቫዮሊንም ለመቺው ነው። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በሠራተኞች ቀን፣ ሕዝብ ፊት አንድ ዜማ ከመቱ ይዘውት ይቀመጡ። ካልመቱ ለኪነት ቡድኑ ያስረክባሉ። መምህር ካላገኙ ደግሞ ቀጠሮም የለ፤ ዛሬውኑ ነው የምንረከበው።»

እኔ በአክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ሰው አደራውን መጠበቅ አለመጠበቁ በእኔ አቋቋም ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ የገባኝ ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ሲቀላ ስወርድ መንገድ ላይ ነው።

ቤታቸው ትልቅ ማንጎ ጥላ ሥር ነበረ። ሸማ መሥሪያው ደጅ ላይ ተተክሏል፤ ጋሽ አንጁሎ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካሉ። ሲያዩኝ ተነሡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ሥራ ላይ ከመጎንበስ ብዛት ወደ ፊት የወጣ ሰው ናቸው።

«እርስዎ ግቢ፣ መምህሬ» አሉኝ።

የጋሽ አንጁሎ የእናት ቋንቋ ጋሞኛ ነው። አማርኛን የለመዱት በገበያና በሥራ ስለሆነ «አንተ»ና «አንቺ» ቦታ ይለዋወጡባቸዋል። እኔን ወንዱን «ነይ» ይሉኛል፤ ሚስታቸውን «ና»። በዚያ ላይ በአክብሮት «እርስዎ» ይጨምሩበታል። መምህር ተብዬ የለ፣ በሁለተኛው ሳምንት በትሕትና ላርማቸው ሞከርኩ። ለሴት «ነይ»፣ ለወንድ «ና» እንደሚባል በምሳሌ አስረዳሁ። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘነበች ጥግ ይዘው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ሠላሳ ዓመት ‹ና› ሲለኝ መጥቻለሁ። ምን ጎደለ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አላረምኩም።

ቫዮሊኑን ከቡሉኮው ሲያወጡት ከአራቱ ክሮች ሦስቱ ተበጥሰዋል፤ የደጋኑን ፀጉር ብል በልቶታል። ጋሽ አንጁሎ ምንም አልተደናገጡም። ከአባታቸው የወረሱትን የፈረስ ጭራ ከግድግዳ አወረዱና ፀጉሩን ገመድ እንደሚሠራ ሰው አንድ በአንድ እያመሳሰሉ ደጋኑ ላይ ወጠሩት። ከዚያ የግራር ሙጫ ቀቡት። ወይዘሮ ዘነበች ዝንቡን ከእንግዲህ በምን እንደሚያባርሩት ጠየቁ። በቫዮሊን አሏቸው። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ለማሳየት ብዬ የመጀመሪያውን ድምፅ ሳወጣ ዝንብ ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም ተነሥቶ መጣና ፍየሏ ምጥ ይዟት እንደሆነ ጠየቀ።

ሦስት ቅዳሜ አቋቋም አስተማርኩ። እግርን ከፈት፣ ትከሻን ላላ፣ አገጭን ዝቅ። እሳቸውም የምላቸውን ሁሉ እንደ ወታደር ይፈጽማሉ። በአራተኛው ቅዳሜ ቫዮሊኑን አገጫቸው ሥር እንዳደረጉ፣ «መቆሙን ቻልን። ቀጥሎ ምንድነው?» አሉኝ።

ቀጥሎ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጆሮዬ እየጋለ ስለ ሳጥኗ ነገርኳቸው። ጀማሪ መሆኔን፣ ሁለት ወር ብቻ መማሬን፣ እምቢ ማለት ተስኖኝ መምጣቴን ሁሉ። ተቆጥተው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር።

«መጀመሪያ ቀን አውቄአለሁ፣» አሉ። «ሲስተር ስትይዘው አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ። እርስዎ እንደ ጥጃ አቀፍሽው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሊቀመንበር ‹መምህር› አለ። ‹መምህር የሚችል› አላለም።» ከዚያ ከድሩ ላይ አንድ የተበጠሰ ክር ፈልገው ሲቋጥሩ አሳዩኝ። «ክር ይበጠሳል። የተቋጠረ ክር ነውር የለውም። ነውሩ ቋጠሮ መደበቅ ነው፤ ልብሱ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።»

ይህን አባባላቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ብዙ አባባሎቻቸውን ጽፌአለሁ፤ ቫዮሊን ሳላስተምራቸው የቀረሁትን ያህል እሳቸው ሌላ ነገር አስተምረውኛል። ለምሳሌ ስቸኩል፣ «የሚቸኩል እጅ ክሩን ይቀድማል፤ የቀደመ እጅ ባዶውን ይይዛል» ይሉኝ ነበር። ፈተና ላይ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለታችንም ጀማሪ ሆንን። እሳቸው ዜማውን በቃላቸው ያንጎራጉሩታል፤ እኔ ጣቴን በቀረችው አንዲት ክር ላይ እያንሸራተትኩ ድምፁን እፈልጋለሁ። ሳገኘው ጋሽ አንጁሎ የቫዮሊኑ አንገት ላይ እዚያው ቦታ ባለ ቀለም ክር ያስሩበታል። የመጀመሪያው ጣት ቀይ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ጥቁር፣ ትንሿ ጣት አረንጓዴ። ጣት ሳይነካት የምትጮኸው ባዶ ክር ነጭ ተባለች። በአምስት ድምፅ ዜማው አለቀ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ተገቢ አልነበረም፤ ግን ተሰምቶኛል።

እኔ በካሬ ደብተር ላይ ቀለሞቹን በተርታ ጻፍኩ። ረጅሙን ድምፅ በሰፊ፣ አጭሩን በጠባብ መስመር ለየሁት። ወረቀቱን ስሰጣቸው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። ወረቀት አላነብም፣ አንተ ጥራልኝ አሉኝ፤ «አንቺ ጥሪልኝ» ነው ያሉኝ እርግጥ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ሸማ ሲሠሩ እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ «ቀይ ሰፊ፣ ቀይ ጠባብ፣ ጥቁር ጠባብ» እያልኩ እጠራለሁ። አንዳንዴ ያስቆሙኝና፣ «እዚያ ጋ ቢጫ አይደለም፤ ጥቁር ነው። ሲስተር ጥቁር ነው የነካችው» ይላሉ። ያንጎራጉሩታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ወረቀቴን ማረም ያሳፍረኝና በኋላ አርመዋለሁ እያልኩ እተወዋለሁ። ስጠራ ያን ያህል በጥሞና የሚሰሙኝ በቃላቸው እየያዙ ነው ብዬ አስብ ነበር። ስለ ቀለም ሳወራ እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር ልብ አላልኩም።

መጋቢት ላይ የቀረችው ክር ተበጠሰች። ሱቅ ሁሉ ዞርኩ፤ የቫዮሊን ክር ለአርባ ምንጭ ማን ያመጣል? ጋሽ አንጁሎ ወደ አባያ ዳር ወርደው ከዓሣ አስጋሪዎች የመረብ ናይሎን ለምነው መጡ። ሲወጥሩት ድምፅ አወጣ፤ ትንሽ የአፍንጫ ድምፅ ነበረው። ወይዘሮ ዘነበች፣ «አሁን ሰው ባይሰማችሁ እንኳ ዓሣ ይመጣል» አሉን።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት የክብር እንግዳ ይመጣሉ ተብሏል። እኔ ከንጋት ጀምሮ ወንበር ሳነሣ፣ ባንዲራ ስሰቅል ነበርኩ። የፕሮግራሙን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዜማውን ስም ሲጠይቁኝ «የአምራቾች ዜማ» አልኳቸው፤ ደስ እንዲላቸው ብዬ። ጋሽ አንጁሎ ውጭ፣ ግንብ ሥር ቁጭ ብለው ደጋናቸውን ሙጫ ይቀባሉ።

እንግዳው መጥተው የክብር ቦታቸውን እንደያዙ ሊቀመንበሩ በጀርባ በር ፊታቸው ልክ ሳይሆን መጡ። ለእንግዳው የሚበረከተው ጋቢ ከዶርዜ ይመጣ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ ይዞታል። አንድ ነገር ፈልግ አሉኝ። እንዲህ ሲባል እኔን ማየት ነው። ዕቃ ወደሚቀመጥበት ክፍል ሮጥኩ። ባንዲራ፣ ከበሮ፣ የኪነት ቡድኑ ልብስ፣ አንድ ወንበር ላይ ደግሞ በሥርዓት የታጠፈ አዲስ ጋቢ። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና አረንጓዴ መስመር ያለው፣ አይቼ የማላውቀው ዓይነት ጥለት ነው፤ መስመሮቹ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ እኩል አይደሉም። ማኅበሩ ለኤግዚቢሽን ያመጣው መሰለኝ። ይዤ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ አቀፉኝ። እንግዳው ተነሥተው ለበሱት፤ አንዱ ጫፍ በደረታቸው ወረደ፣ ሌላው በትከሻቸው ወደ ጀርባቸው ተጣለ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

የጋሽ አንጁሎ ስም ሲጠራ ወደ ዕቃው ክፍል ገቡ፤ ወዲያው ተመልሰው ወጡ።

«መምህሬ፣ ጋቢዬ የት ሄደች?»

«የትኛው ጋቢ?»

«ወንበር ላይ የነበረች።»

በኩራት ወደ ክብር ወንበሩ አመለከትኳቸው። ጋሽ አንጁሎ የእንግዳውን ትከሻ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣

«ዜማው እሱ ላይ ነው» አሉ።

ስጠራላቸው የከረምኩትን በሙሉ ሸምነውታል። ግማሹ ዜማ በአንዱ ጫፍ፣ ግማሹ በሌላው። ዓይናቸው ጥለቱን ካላየ እጃቸው እንደማይሄድ፣ ዕድሜ ልክ የሠሩት እንደዚያ እንደሆነ ያኔ ነገሩኝ። ጋቢውን ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ዘርግተው ሊጫወቱና በኋላ እኔን ሊያለብሱኝ ነበር ያሰቡት። የመምህር ስጦታ።

መድረክ ላይ ወጥቼ ታመዋል ልበል አልኩ። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ላስወልቃቸው አልኩ። ጋሽ አንጁሎ ክንዴን ያዙኝ።

«የለበሰን ሰው ማን ያስወልቃል? ነውር ነው።» ክንዴን ለቀቁ። «እንግዳው ሸሽተዋል? አልሸሹም። ተቀምጠዋል።»

ቫዮሊኑን አነሡ፤ ወደ መድረኩ አልወጡም። በቀጥታ ወደ ክብር እንግዳው ሄደው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። እግራቸውን ከፈት፣ ትከሻቸውን ላላ፣ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። አቋቋማቸው እንከን አልነበረውም፤ ይህን እንኳ ልበል። ከዚያ ዓይናቸውን እንግዳው ደረት ላይ ተክለው ጀመሩ።

ነጭ ሰፊ። ቀይ ጠባብ፣ ቀይ ጠባብ። ጥቁር። በእኔ ወረቀት ላይ ቢጫ የነበረችው ጥቁር። ናይሎኑ በአፍንጫው ዘፈነ። እንግዳው በመጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ እየተወደሱ መሆኑን ተረዱና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የፊቱ ጥለት ሲያልቅ ጋሽ አንጁሎ አላቆሙም። ከጥለት እስከ ጥለት ጋቢው ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ ባዶ ክር ነው። ባዶውን ክር ሳያቋርጡ እየሳቡ በእርጋታ ወደ እንግዳው ጀርባ ዞሩ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እንግዳው ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት ዘወር ሲሉ ጥለቱም አብሯቸው ዞረ፤ ጋሽ አንጁሎም ጥለቱን ተከትለው ዞሩ። በመጨረሻው ላይ እንግዳው ስሜት ይዟቸው ትከሻቸውን መታ መታ ሲያደርጉ መስመሮቹ ተንቀጠቀጡና ሁለት ድምፅ ጠፋ። ከጋሽ አንጁሎ፣ ከእኔና ከሕዝቡ መካከል ከነበሩት ከወይዘሮ ዘነበች በቀር ያወቀ የለም።

እንግዳው ንግግራቸውን ትተው፣ «ብዙ ቦታ ተከብሬአለሁ፤ እንዲህ የዞረኝ ግን የለም» አሉ። መሣሪያው ከእኚህ ሰው አይለይም ሲሉ ሊቀመንበሩ እዚያው ማስታወሻ ያዙ። በኋላ የእንግዳው መኪና ተነሣች። ጋቢውን እንደለበሱ ነው የሄዱት።

ወደ ሲቀላ ስንወርድ ይቅርታ ስጠይቅ ስጠይቅ መንገዱ አለቀ። ጋሽ አንጁሎ ቫዮሊኑን በብብታቸው ይዘው ይስቁ ነበር።

«ቫዮሊኑ ቀረ፣ ዜማው በመኪና ሄደ፣» አሉ። «ምንም አይደለም። ሸማ ሠሪ ነኝ። ሌላ እሠራለሁ። አዲሱን ግን ለማንም አትስጪው።»

የእኔ ወረቀት ከነስህተቱ ስለሆነ አልረዳቸውም። እንደገና እያንጎራጎሩ፣ ቀለም በቀለም፣ ከልባቸው እያወጡ መሸመን ጀመሩ። ግንቦት ሲጋመስ ወባ ጣላቸው። ተሻላቸውና ተነሡ፤ ሁለት ቀን ሠሩ፤ ደግሞ ጣላቸው። እኔ ለፈተና እያነበብኩ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዘበኛው የነገረኝን አስቀድሜ ጽፌአለሁ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ቆሜ ልግባ አልግባ ስል ወይዘሮ ዘነበች ከውስጥ፣ «እርስዎ ግቢ፣ መምህሬ» አሉኝ። ለመቀለድ ነበር።

ሸማ መሥሪያው ደጅ ላይ እንደነበረ ነው። የመጀመሪያው ጥለት አልቋል፤ ከእሱ ቀጥሎ አንድ ክንድ ያህል ነጭ ተሸምኗል። ሁለተኛው ጥለት የለም። ወይዘሮ ዘነበች ሸማውን ከድሩ ሊቆርጡት ምላጭ ይዘው ቆመዋል፤ እጃቸው ግን እምቢ ብሏቸዋል። ቤት ገብተው ቫዮሊኑን ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ። ሲስተር እስክትመጣ አደራውን ከእንግዲህ የሚጠብቁት ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። «አንተ ግን እየመጣህ ምታው። ዝም ካለ ይወስዱታል» አሉ።

ሸማው ፊት ቆምኩ። ጥለቱን እያየሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፤ አልደበቅሁትም፣ ተመልሼ ደገምኩት። ጥለቱ ሲያልቅ ነጩ ላይ ደረስኩ። ነጭ ባዶ ክር ነው። ባዶውን ክር ሳብኩ፤ ነጩ እስካለ ድረስ ሳብኩ፤ ከነጩ በኋላ ያልተሸመነው ድር ብቻውን ተወጥሮ ይታያል። እዚያ ስደርስ ደጋኑን አነሣሁ። ወይዘሮ ዘነበች ጎንበስ ብለው ቆረጡት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ነበር።